የወዶ ዘማቾች ቅል

ይህ የሆነው እዚህ አይደለም። እዚህ ቢሆን ኖሮ ማን ደፍሮ ያወራዋል? የሆነው ወንዝ ለሁለት በከፈለው በአንድ አገር ነው። ስሙን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ባያውቀው አይጎዳም።

የዚያ አገር ሰዎች አንድ የሚኮሩበት ነገር ነበራቸው። በግድ የዘመተ ሰው የላቸውም። ሌሎች ነገሥታት ጎበዙን ከማሳው እየለቀሙ ሲያዘምቱ፣ የእነሱ ንጉሥ ማንንም አስገድደው አያውቁም። ሰው ሁሉ ወዶ ይዘምታል። ያልወደደ ሰው ምን እንደሚሆን ስለሚታወቅም ሁሉም ቶሎ ብሎ ይወዳል።

ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው። ወዶ ዘማች የሚሆን ሰው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ወዳለው ቅል ቤት ይሄዳል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ደረቅ ቅል ይሰጠዋል። አፉን ከቅሉ አፍ ገጥሞ “ወድጄ” ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ትንፋሹ ሳያመልጥ ቅሉ ይወተፋል፣ ውታፉም በሰም ይታሸጋል። የባለቤቱ ምልክት በቢላዋ ይቀረጽበትና ከጣሪያው ማገር ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውየው ፈቃድ ያለው እዚያ ነው። ሰውየው ራሱ የትም ቢሆን ግድ የለም። ነፋስ ሲነፍስ ቅሎቹ እየተጋጩ ኳ ኳ ይላሉ፤ ንጉሡም ከሰገነታቸው ሆነው “ወይ ሕዝቤ፣ እንዴት ቢወደኝ ነው!” ይላሉ እየተባለ ይወራል።

“አልወደድሁም” የሚል ቢገኝስ? አይገረፍም፣ አይታሰርም። ያ የግፈኞች ሥራ ነው። ዐዋጅ ነጋሪው በየገበያው ዞሮ “እገሌ የሚባል ሰው አልተወለደም” ይላል፤ በቃ። ያልተወለደ ሰው መሬት የለውም፤ መሬቱ ለተወለደ ይሰጣል። ሚስቱ አላገባችም። መንገድ ላይ ሰላም ያለው ሰው ለብቻው እንደሚያወራ እብድ ይቆጠራል። ቢገድሉትም ነፍሰ ገዳይ የለም፤ ማን ሞተና?

የቅል ቤቱ ሹም አፈ ቅል ይባላሉ። በዚያ ዘመን የነበሩት አፈ ቅል ድንበሩ ነበሩ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጥፍራቸውን ዘወትር የሚከረክሙ ሰው ናቸው። ሰው ከፊታቸው ሲያስነጥስ “ይማርህ” ከማለታቸው በፊት ለማስነጠስ ማን እንደፈቀደለት ይጠይቁታል። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይደክመዋል።

ጓንጉል ከእነዚህ ወዶ ዘማቾች አንዱ ነው። ሥራው ዋናተኛነት ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ሁለት ትልልቅ ባዶ ቅሎች በብብቱ ሥር አስሮ፣ ሰውና ዕቃ ከወዲህ ወደ ማዶ፣ ከማዶ ወደ ወዲህ ያሻግራል። ሙሽራ አሻግሯል፣ አዋላጅ አሻግሯል፣ በግ አሻግሯል፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው በግ ነው ይላል። የማዶ ሰዎችና የወዲህ ሰዎች በቋንቋም በመልክም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የማዶ መሬት ቅል ያበቅላል፣ የንጉሡ ግዛት የሆነው የወዲህ መሬት አያበቅልም። ሚስቱ ስመኝ የማዶ ልጅ ናት። እንዴት እንደተጋቡ ስትጠየቅ “ውሃው መሀል ላይ ጠየቀኝ፤ እምቢ ብዬ ብለቀው እሰምጣለሁ፤ ምን ላድርግ?” እያለች ሰው ታስቃለች።

ጓንጉል መጀመሪያ የዘመተው በእውነት ወዶ ነው። የበረሃ ሽፍቶች እየወጡ አውድማ ያቃጥሉ፣ ከብት ይነዱ በነበረ ጊዜ፣ ማንም ሳይጎትተው ቅል ቤት ሄዶ “ወድጄ” ያለው ቅሉ እስኪያስተጋባ ጮኾ ነው። ሽፍቶቹን ወጋ፣ በትከሻው ጠባሳ ይዞ ተመለሰ፤ ኮራም። ቅሉ ግን እዚያው እንደተሰቀለ ቀረ። መቼ ይመለስልኛል ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀም ሰው አልነበረም።

አንድ ዓመት የማዶ ሰዎች የወትሮውን ቅል ሳይልኩ ቀሩ። የቀሩት በረዶ ስለጣለባቸው ነው፤ ሐረጉን ሁሉ አጭዶት ሄደ፤ ለዘር እንኳ አልተረፈም። የስመኝ እናት እሜቴ ብርቄ ይህንኑ በሰው ልከው ነግረዋል። ቤተ መንግሥት የደረሰው ግን “አልላኩም” የሚለው ብቻ ነበር። መከሩበት፣ ዘከሩበት፣ በመጨረሻ ነጋሪት ተጎሰመ።

“የማዶ ሰዎች ቅል ከለከሉን! ቅል የከለከለ የፈቃዳችንን ማደሪያ ከለከለ! ወዶ ዘማች ሁሉ፣ ፈቃድህን የነሳህን ወደህ ውጋ! ዘመን ሳይለወጥ ማዶ እንገባለን!”

ጓንጉል ዐዋጁን ሰምቶ ቤቱ ሲገባ፣ ስመኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ቀና አላለችም።

“እናቴን ልትወጋት ነው?” አለችው።

“ሄጄ እነግራቸዋለሁ። በረዶ መሆኑን አላወቁ ይሆናል።”

“ቢያውቁስ?”

 ስመኝ አንድ እፍኝ ባቄላ ሰፌዱ ላይ ጣለች።

“እኔ የምለው፣ የወንዱን ሁሉ ፈቃድ ሰብስበው ሲሰቅሉ የኔን የጠየቀኝ የለም። እስከ ዛሬ እንደ ሰው አልቆጠሩኝም ብዬ እናደድ ነበር። ዛሬ ግን እዚሁ ጓዳዬ ስላለ ደስ አለኝ። አንተ የራስህን አምጣ።”

“ካላመጣሁስ?”

“ካላመጣህማ ወይ አንተ አልተወለድህም፣ ወይ እናቴ አትኖርም። እኔ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት ልባል ነው?” አለችና አለቀሰች። ጓንጉል ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው።

በማግስቱ ወደ ጦር አዛዡ ወደ ፊታውራሪ ምንይችል ሄደ። ፊታውራሪ ለድሉ ቀን የሚለብሱትን ለምድ በልብስ ሰፊ እየተለኩ ነበር። ለድል እንጂ ለጦርነቱ የተለኩት ነገር የለም።

“ጌታዬ፣ ማዶዎች አልከለከሉንም። በረዶ ነው” አላቸው።

“የማን በረዶ?”

“የእግዜር።”

“እኛ ከእግዜር ጋር አልተጣላንም” አሉ ፊታውራሪ፣ ክንዳቸውን ለሰፊው እያነሡ። “የተጣላነው ከማዶ ጋር ነው።”

“እንግዲያው እኔ አልሄድም።”

ሰፊው መለካቱን አቆመ። ፊታውራሪ ግን አልተቆጡም፤ ዙሪያውን ብቻ ተመለከቱ።

“ማነው የማይሄደው?”

“እኔ።”

“አንተማ ወደሃል።”

“የወደድሁት ለበረሃ ሽፍታ ነው፣ ጌታዬ። አማቴን ለመውጋት አልወደድሁም።”

“ቅሉ ውስጥ ስትናገር ‘ለሽፍታ’ ብለሃል?”

“‘ወድጄ’ ብቻ ነው ያልሁት። ሌላ ቃል አይጨመርም ተብሎ።”

“አየህ!” አሉ ፊታውራሪ ደስ ብሏቸው። “ጣሪያና ግድግዳ የሌለው ቃል ነው የሰጠኸን። ወዶ ከተደፋ ቢረግጡት አይከፋ። ካልመሰለህ አፈ ቅል ዘንድ ሂድና ጠይቅ።”

አፈ ቅል ድንበሩ በቅል ቤቱ ወለል ላይ፣ በተንጠለጠሉት ቅሎች ሥር ጎንበስ ብለው ሲመላለሱ አገኛቸው። ቀና ቢሉ የሰው ፈቃድ በጭንቅላታቸው ይመቱ ነበር። ጓንጉል እጅ ነሥቶ ቅሌን ይመልሱልኝ አለ።

“ለመመለስማ ባለቤቱ መፈለግ አለበት” አሉ አፈ ቅል።

“እኔ እፈልጋለሁ።”

“በምንህ ትፈልጋለህ፣ ልጄ? መፈለጊያህ ያለው እዚያ ነው” ብለው ወደ ጣሪያው አመለከቱት። “አንተ አሁን ባለቤቱ የወጣበት ቤት ነህ። ባዶ ቤት ደጁን ቢያንኳኩት ድምፅ ያሰማል፤ ሰው አለበት ማለት ግን አይደለም።”

“ታዲያ እምቢ ማለት አይቻልም ማለት ነው?”

“እንዴት አይቻልም? እኛ ማንን አስገድደን እናውቃለን?” አፈ ቅል ተከፉ። “ቅልህ በእጅህ ቢሆን እምቢ ማለት ትችላለህ። ሕጉ ጥርት ያለ ነው፤ ቅሉ በእጁ የሆነ ሰው ፈቃዱ በእጁ ነው። የሚያሳዝነው፣ በእጅህ አይደለም።” እውነትም አዝነው ነበር። እስከ ደጃፉ ድረስ ሸኙት።

ጓንጉል ነገሩን አልተወም፤ ለችሎት አቤት አለ። በዚያ አገር ዳኞች የሚቀመጡት ጀርባቸውን ለባለጉዳዩ ሰጥተው ነው፤ ፊት አይተው እንዳያደሉ። ስለዚህ ተከራካሪ ሁሉ ለማጅራት ይናገራል። ጓንጉልም በረዶውን፣ አማቱን፣ ሽፍታውን ሁሉ ለሦስት ማጅራት አስረዳ። ከዳኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ዳኛ አውላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ወዶ የገባ ወዶ ቢወጣ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? መግቢያውም መውጫውም አንድ በር ነው” አሉ።

ሌሎቹ ዳኞች በጨዋ ደንብ አስታወሷቸው። ዳኝነትም ተወዶ የሚገባበት ነው፤ የዳኛ አውላቸውም ቅል እዚያው ቅል ቤት፣ ከምሰሶው አጠገብ ተሰቅሏል። ሽማግሌው ወደዚያ በኩል ዐይናቸውን ሰደድ አድርገው መለሱ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። በአገራችን ማንም አይገደድም። ስለዚህ ጓንጉልም አይገደድም፤ ይወሰዳል እንጂ። ሰውነቱ ከፈቃዱ ስለራቀ ታሟልና፣ ቅሉ ከተሰቀለበት ወርዶ አብሮት ይዝመት፤ አፈ ቅል ራሳቸው ይያዙለት። በመንገድ ላይ ሰውነቱ ድንገት እንዳይሳሳት በገመድ ይያዝ። ገመዱም የወዶ ዘማች እጅ እንዳይልጥ ከጥጥ ይገመድ። ከዚህ በኋላ “አልወደድሁም” የሚል ቃል ከአፉ ቢወጣ ግን አልተወለደም።

ፍርዱን የሰሙት አፈ ቅል ድንበሩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አጡ። የጓንጉል በሽታ ሰውነት ከፈቃድ በመራቁ የመጣ ከሆነ፣ ነገ ጦሩ በሙሉ ርቆ ሲሄድ ሁሉም ይታመም የለ? አርቆ አሳቢ ሹም መሆን ጣጣው ብዙ ነው። በበኩላቸው ትእዛዝ አወጡና የዘማቹ ሁሉ ቅል ወርዶ በበቅሎ ተጫነ።

ጦሩ ተንቀሳቀሰ። ከፊት ነጋሪት፣ ቀጥሎ ፊታውራሪ፣ ቀጥሎ ቅል የጫኑት በቅሎዎች ኳ ኳ እያሉ፣ ከኋላ ወዶ ዘማቾቹ በጭቃ። ከሁሉም ኋላ የንጉሡ ዘበኞች ነበሩ፤ እነሱ በደመወዝ እንጂ በፈቃድ አያድሩም፣ ስለዚህም ቅል የላቸውም። የጓንጉልን ገመድ የያዘው የሠፈሩ ልጅ ቢራራ ነው። ቢራራ ቀልደኛ ነው፤ ሞት ፊቱ ቢቆም ስሙን ጠይቆ የሚያሾፍበት።

“እኔን በእግሬ፣ ፈቃዴን በበቅሎ!” አለ። “ምን አለ ቦታ ብንለዋወጥ?”

“ቢራራ፣ ማዶ እህት የለህም እንዴ?”

ቢራራ ፈገግታው ጠፋ። “አለችኝ። አርግዛለች ብለዋል።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” አለና ገመዱን ላላ አደረገለት። 

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ወንዙ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። ቀይ ውሃ፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ የሚነጉድ። ከማዶ የጎጆዎቹ ጭስ ይታያል። ሰዎች ዱላ፣ መጥረቢያ፣ ያገኙትን ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል። ጓንጉል አብዛኞቹን በቁመታቸው ያውቃቸዋል፤ ከመካከላቸው በጀርባው ተሸክሞ ያላሻገረው ጥቂት ነው። ከሁሉም ፊት፣ አንድ ሾላ ሥር፣ ነጠላ ያደገደጉ አሮጊት ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ማማሰያ ይዘዋል። እሜቴ ብርቄ ነበሩ። የንጉሥን ጦር በማማሰያ ሊመልሱ ነው የወጡት። ጓንጉል በዚህ መሀል ማልቀስ አሳፈረው እንጂ ሊጮኽ ምንም አልቀረውም።

ፊታውራሪ ምንይችል ወንዙን አይተው ዋናተኞቹን ጠሩ። በምን እንሻገር?

“በቅል ነበር፣ ጌታዬ” አሉ ዋናተኞቹ። “ቅል ግን የሚመጣው ከማዶ ነው። የአምናው ተሰነጣጥቋል፣ የዘንድሮው አልመጣም።”

ፊታውራሪ ተቆጡ። ጦርነቱ የተነሣው ቅል በመጥፋቱ ነው፤ ቅል በመጥፋቱ ጦርነት ይቁም ማለት ደግሞ የማይመስል ነገር ነው። ውሃው እስኪጎድል እንዳይጠብቁ ዘመን ሳይለወጥ ተብሏል። ወዲያና ወዲህ ሲንጎራደዱ ዐይናቸው በበቅሎዎቹ ላይ አረፈ።

“ያ ምንድነው የተጫነው?”

“የዘማቾቹ ፈቃድ ነው” አሉ አፈ ቅል ድንበሩ።

“ባዶ ነው? የታሸገ ነው? ውሃ አያስገባም?”

“አየር አያስገባም እንኳን ውሃ። ነገር ግን ፊታውራሪ፣ ይህ እኮ...”

“ይታደል!”

አፈ ቅል ተከራከሩ። ሕግ ጠቀሱ፣ ሥርዓት ጠቀሱ፣ የአባታቸውን አጥንት ጠቀሱ። ፊታውራሪ “የሚሻገረው ሕጉ ነው ጦሩ?” ሲሏቸው ተሸነፉ። ቢሆንም ሹም ሹም ነው፤ አንድ ነገር ሳያስፈጽሙ አልቀሩም። ሰው በሌላ ሰው ፈቃድ ቢሻገር ነውር ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ቅል ይያዝ አሉ። ምልክቱ እየታየ፣ ስም እየተጠራ፣ ቅሉ ለባለቤቱ ሲሰጥ ረፋዱ አለቀ። አንዳንዱ ቅሉን ሲቀበል አላወቀውም፤ አገላብጦ አየው። አንዳንዱ ወደ ጆሮው አስጠጋው።  ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ፈቃዱን ይዞ የቆመበት ቀን በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም ነበር፤ አፈ ቅል ግን ምልክት በማመሳከር ተጠምደው ልብ አላሉትም።

ጓንጉል ከዋናተኞቹ ሁሉ የበረታ ስለሆነ ቀድሞ እንዲገባ ታዘዘ። የታሰረ ሰው አይዋኝምና የጥጡ ገመድ ተፈታለት። አፈ ቅል ቅሉን በገዛ እጃቸው አስረከቡት።

“አፈ ቅል” አላቸው ጓንጉል፤ “ይህ ቅል የኔ ነው?”

“ያንተ ነው። ምልክትህን አታየውም?”

“በእጄ ነው?”

“በእጅህ ነው እንጂ፣ ታዲያ በማን...” አሉና ቆሙ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ጥርት ያለ ሕግ ሰውን እንዲህ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው።

ጓንጉል ሰሙን በጥርሱ ነቅሎ ውታፉን ሳበው። ዳሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ያ የበረሃው ጊዜ “ወድጄ” ተመልሶ ሲወጣ ሊሰሙት ነበር። ምንም አልወጣም። ጓንጉል ቅሉን ደፍቶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አንዲት ደረቅ የቅል ፍሬ መዳፉ ላይ ወደቀች።

“አልሄድም” አለ። “አሁን የምለው እኔ ነኝ። አልወደድሁም።”

ፊታውራሪ ፊታቸው ቀላ። “ይህ ሰው አልተወለደም!” ብለው ጮኹ። “ያልተወለደ ሰው ደም የለውም። ቢራራ፣ ውጋው!”

ቢራራ ጦሩን አነሣ። ጓንጉልን አየው፣ ማዶን አየ፣ ከዚያ ሆዱ ላይ የታሰረውን የራሱን ቅል አየ። ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ውታፉን ነቀለ፤ ጧ አለ።

“ይቅርታ፣ ጌታዬ” አለ። “ቅሌ ተከፈተብኝ። የተከፈተ ቅል ደግሞ ውሃ ይገባዋል፤ ወንዝ አያሻግርም።”

ከወደ ግራ ሌላ ጧ ተሰማ። ከኋላ ደገሙት። ከዚያ እንደ ሽምብራ ጥብስ ተንጣጣ። ፊታውራሪ “ዝጉ! መልሳችሁ ዝጉ!” እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጡ፤ አፈ ቅል ድንበሩ የወደቁትን ውታፎች ከጭቃ እየለቀሙ በኩታቸው ይጠርጉ ነበር፤ የማን የማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻሉም። ጦሩ አንድ በአንድ ፊቱን ወደ እርሻው አዞረ። ማንም አልሮጠም።

ከኋላ የነበሩት ዘበኞች ነገሩ ሲገባቸው ቁልቁል ወረዱ። ሌላው ብዙ ነበርና ማንን ይያዙ? ጓንጉልን ግን ሁሉም ለይቶታል። ጓንጉል የቅል ፍሬዋን ጉንጩ ውስጥ ደበቀ፣ የተከፈተውን ቅል ለአፈ ቅል መለሰላቸውና ያለ ምንም መንሳፈፊያ ቀይ ውሃ ውስጥ ገባ። አሸዋ የወረወሩበት ይመስል ጦር ከኋላው ረገፈ። አንዱ የቀድሞ ጠባሳውን ጫረው። ውሃው ብዙ ወሰደው፤ ከማዶ የሚያዩት “አለቀ” ብለው ነበር። ሾላውን አልፎ፣ ከታች፣ ቄጠማው ውስጥ ወጣ። የማዶ ጎበዞች መጥረቢያ አንሥተው ሲሮጡ እሜቴ ብርቄ በማማሰያቸው መንገድ እያስለቀቁ ቀደሟቸው።

“ልጄ! ስመኝስ?”

“ከወዲያ ናት” አለ ጓንጉል፤ ፍሬዋን ከአፉ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። “ዘር ጠፋ ብላችሁ አልነበር?” 

ቤተ መንግሥት የተነገረው፣ ጦሩ ወዶ ሄዶ ወዶ መመለሱ ነው። በዓል ተደረገ፤ ፊታውራሪም ለምዳቸውን ለበሱ። ይህን ሁሉ ሰው አልተወለደም ማለት ግብር ከፋይ ማሳጣት ስለሆነ፣ ያልተወለደው ጓንጉል ብቻ ሆነ። መሬቱ ለተወለደ ሰው ተሰጠ። ወንዙ ዳር ዘብ ቆመ።

ውሃው ሲጎድል ስመኝ ዕቃዋን አዝላ ወደ መሻገሪያው ወረደች። ዘበኛው አስቆማት።

“ወዴት ነሽ?”

“ባሌ ዘንድ።”

“ባልሽ አልተወለደም።”

“ካልተወለደ ምን ያሰጋችኋል?”

ዘበኛው አሰበ። “የመሻገሪያ ፈቃድሽ የታለ?” አላት በመጨረሻ።

“እንጃ፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ቅል ቤት ሄደህ ፈልግ፤ ካገኘኸው ጥራኝ” አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። እስከ ጉልበቷ ነበር። ዘበኛው እውነትም ሰው ልኮ አስፈልጎ ነበር ይባላል።

እሜቴ ብርቄ ያችን ፍሬ ተከሏት። በቀለች፣ ተሳበች፣ አፈራች። ማዶዎች ከዚያ ወዲህ ለወዲህ ሰዎች ቅል መሸጥ አላቆሙም፤ ብቻ ለሁለት ሳይከፍሉ አይሸጡም። ለሁለት የተከፈለ ቅል ውሃ ይጠለቅበታል፣ ጠላ ይጠጣበታል፤ የሰው ቃል ግን አይታሸግበትም። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ተጨነቁ። በገንቦ ሞከሩ፤ ተሰበረ። በቀንድ ሞከሩ፤ ሸተተ። ኋላ አፈ ቅል ድንበሩ መላ አመጡ። ዕቃ ለምን ያስፈልጋል? ዐዋጅ ነጋሪው ገበያ መሀል ቆሞ “የማይወድ አለ?” ብሎ ይጠይቅ፤ ዝም ያለ ሁሉ ወዷል። ንጉሡ ይህን ሲሰሙ አፈ ቅልን ካባ ሸለሟቸው።

የመጀመሪያው ቀን ገበያው ጢም ብሎ ሞላ። ነጋሪቱ ተመታ። “የማይወድ አለ?” አለ ዐዋጅ ነጋሪው። ገበያው ጭጭ አለ፤ አህያ እንኳ አልጮኸም። አፈ ቅል አዲሱን ካባቸውን እንደለበሱ እጃቸውን አንሥተው ዝምታው እስኪጸና ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ቢራራ አሳለ።

አፈ ቅል ዞረው ሊጠይቁት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ አንዲት ጨው ሻጭ አሳለች። ቀጥሎ ዳኛ አውላቸው አሳሉ፤ እሳቸውስ ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይባላሉ? ከዚያ በኋላ ማን እንደጀመረ፣ ማን እንደቀጠለ አልታወቀም፤ ገበያው ከዳር እስከ ዳር አሳለ። ሳል እምቢታ ነው የሚል ሕግ የለም። ዝምታ ነው የሚልም የለም።

ጓንጉል ማዶ ሆኖ ከስመኝ ጋር የቅል ሐረግ ያነሣ ነበር። ነፋሱ ከወዲህ ወደ ማዶ ይነፍሳል። ቀና ብሎ ጆሮውን ጣል አደረገ።

“ምንድነው? ወረርሽኝ ገባባቸው እንዴ?” አሉ እሜቴ ብርቄ።

ጓንጉል ሐረጉን ለቀቀ፣ እስከ ውሃው ጫፍ ወረደ፣ በሁለት እጁ አፉን ከበበና ጠባሳው እስኪያመው፣ ከልቡ አሳለ። ከወዲያ ዳር በሳል መለሱለት። ያልተወለደው ሰው ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ተረቱ ይኸው ነው። እናንተዬ፣ ምነው ዝም አላችሁ?